ቶኖፓ፣ የመጨረሻው ማደያ

ቶኖፓ ላይ ነዳጅ ሳይሞላ በ6 ቁጥር መንገድ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፍ ሰው ወይ አገሩን አያውቀውም፣ ወይ ነፍሱን አይወዳትም። ከዚያ ተነስቶ ኢሊ እስኪደርስ ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት አለበት፤ በመሀሉ ማደያ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ስልኩም አብዛኛውን መንገድ ዝም ይላል። ሸለቆ ጨርሶ ተራራ ይወጣል፣ ተራራውን ወርዶ ሌላ ሸለቆ ይገባል። ማዕከላዊ ኔቫዳ እንዲህ ነው የተሠራው፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተጋደሙ ተራሮች፣ በመሀላቸው ሰፋፊ ደረቅ ሜዳዎች። ዝናብ ቢጥል እንኳ ውሃው ባሕር አይደርስም። አዋሽ አፋር ውስጥ ገብቶ እንደሚቀረው ሁሉ፣ እዚያም ወንዙ ሜዳው ላይ ይተኛና ይደርቃል።

ቶኖፓ በዚህ አገር መሀል የቆመች የድሮ የብር ማዕድን ከተማ ናት። ዛሬ ነዋሪዋ ከ2,000 ብዙም አይበልጥም፤ ብሩም ካለቀ ቆይቷል። እኔ ከተማዋን ያወቅኋት በብሯ ሳይሆን በማደያዋ፣ በጎሚስታዋ፣ በከረጢት በሚሸጠው በረዶዋና ሳይጠየቁ መንገድ በሚነግሩ ሰዎቿ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ላስ ቬጋስ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ታክሲ ነድቻለሁ። እንደ እኔ ያለ ሐበሻ ሹፌር እዚያ ሞልቷል፤ ኤርፖርት ላይ ተራ ስንጠብቅ ከእንግሊዝኛው ይልቅ አማርኛውና ትግርኛው ጎልቶ የሚሰማበት ሰዓት አለ። ሥራው ሌሊት ነው፣ መብራት ነው፣ ጫጫታ ነው። ብዙዎቻችን ከከተማው የምንወጣው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ወደ ሎስ አንጀለስ ስንሄድ ብቻ ነበር። ከቬጋስ ዳር ጀምሮ ወደ ሰሜን ምን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም። የጠየቁት ጋሼ ናቸው።

ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ ሰው በወጣትነታቸው ሻኪሶ አካባቢ፣ የአዶላ ወርቅ ላይ ሠርተዋል። አሜሪካ የመጡት ልጆቻቸውን ተከትለው ነው። ከአንድ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ተራራውን እያዩ፣ «እዚህ አገር ድንጋዩ ራቁቱን ነው፤ ሣር አልሸፈነው፣ ዛፍ አልሸፈነው። እንዲህ ያለ አገር ማዕድን አይጠፋውም» ይሉ ነበር። አንድ ጥቅምት ላይ ባልንጀራዬ ያገለገለ ፎር ዊል መኪና ገዛ፤ ነርስ የሆነችው እህቱ ፈቃድ አገኘች፤ ጋሼ ጋቢያቸውን ይዘው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ተነሳን።

ከቬጋስ ቶኖፓ በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና 340 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቢቲን አልፈን ጎልድፊልድ ስንደርስ ጋሼ መኪናውን አስቆሙ። በ1908 የተከፈተው ባለ አራት ፎቅ ሆቴል አሁንም ቆሟል፤ እንግዳ ካስተናገደ ግን አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ጎልድፊልድ ወርቅ የተገኘባት በ1902 ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 20,000 ያህል ሰው ኖሮባት የኔቫዳ ትልቋ ከተማ ሆና ነበር። ከዚያ ወርቁ ቀነሰ፤ በ1923 የተነሳው እሳት ደግሞ ከቀረው ብዙውን በላው። ዛሬ የቀሯት ጥቂት መቶ ሰዎች ናቸው። ጋሼ በሆቴሉ መስኮት አጮልቀው ከተመለከቱ በኋላ፣ «ቶኖፓስ? እሷም እንዲህ ናት?» አሉ።

«የለም ጋሼ፣ ቶኖፓ ትኖራለች» አላቸው ባልንጀራዬ።

«በምን?»

«መንገድ አላታ።»

ነገሩ ይኸው ነበር። በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለው ርቀት 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም በአንድ ዘመን ተወለዱ፣ ሁለቱም ማዕድናቸው አለቀ። ቶኖፓ ግን 95 ቁጥር መንገድ ከ6 ቁጥር ጋር የሚገናኝባት፣ ከቬጋስ ሬኖ የሚሄድ ሰው እኩሌታው ላይ የሚያገኛት ከተማ ናት። የናይ አውራጃ መቀመጫም በ1905 ከበልሞንት ተነጥቆ ወደ እሷ መጥቷል። አውራጃው ወደ 47,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ስዊዘርላንድ ውስጡ ገብታ ቦታ ይተርፋል። ከዚህ ሁሉ ስፋት በሰሜኑ በኩል ፍርድ ቤት ያለው፣ መዝገብ ያለው፣ የከብት ገመድና የመኪና ዘይት የሚገዛው ሰው ወደ ቶኖፓ ይመጣል።

ከተማዋ ከሩቅ የምትታየው በድንጋይ ክምሯ ነው። ከጉድጓዶቹ የወጣው ግራጫና ቢጫ ኮረት ከቤቶቹ በላይ እንደተከመረ ነው፤ ከክምሩ በላይ ደግሞ ሠራተኛውንና ማዕድኑን በገመድ ያወጡና ያወርዱ የነበሩት ማማዎች ቆመዋል። ዋናው መንገድ በሁለት ኮረብታ መሀል ይወርዳል። በቀኝና በግራ ሞቴል፣ ምግብ ቤት፣ ማደያ፣ አሁንም ሞቴል። በ1907 የተሠራው ባለ አምስት ፎቅ ሚዝፓ ሆቴል ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በ2011 ታድሶ ተከፍቷል። ከመኪና ስንወርድ ጋሼ ጋቢያቸውን ደረቡ። ከተማዋ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከቬጋስ ሙቀት ለሚመጣ ሰው አየሩ የደጋ አየር ነው።

መጀመሪያ ነዳጅ። ታንከሩ ሞላ፣ ከኋላ የታሰሩት ሁለት ጀሪካኖች ሞሉ። ከዚያ ውሃ። በረሃ ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ አንድ ጋሎን፣ ማለትም ወደ አራት ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህ ለመጠጥ ነው እንጂ ለመታጠብ አይደለም። ከዚያ በረዶ፣ እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሥጋ፣ ማገዶ። ድርቆሹን፣ በርበሬውንና ቡናውን ከቤት ይዘናል። ድርቆሽ ለበረሃ ጉዞ የተፈጠረ ምግብ ነው፤ አይሻግትም፣ ማቀዝቀዣ አይጠይቅም፣ ውሃና ቁሌት ካገኘ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ፍርፍር ይሆናል።

ሂሳብ የምትቀበለው ሴት የጫንነውን ዕቃ አየችና ገና ሳትደምር፣ «ወዴት ናችሁ?» አለችን።

«በልሞንት፣ ከዚያም በሞኒተር ሸለቆ ወደ ሰሜን።»

«መቼ ነው የምትመለሱት?»

እንግዳ ሰው እንዲህ ሲጠይቅህ ቬጋስ ውስጥ ቢሆን ትጠረጥራለህ። እሷ ግን የወረቀት ከረጢት ገልብጣ በእስክሪብቶ መሳል ጀመረች። አስፋልቱ የት እንደሚያልቅ፣ ባለፈው ጎርፍ መንገዱ የተቆረጠው የት እንደሆነ፣ ዝናብ ከመጣ ሜዳውን እንዳንሻገርና ኮረብታው ሥር እንድንጠብቅ። «ጭቃው ሳሙና ነው፤ አራቱም ጎማ ቢዞር አያወጣችሁም» አለች። ቀጥላ ስልኩ የሚሠራበትን የመጨረሻ ዳገት ምልክት አደረገችበትና እዚያ ላይ ቆመን ለቤተሰብ እንድንደውል ነገረችን። ከኋላችን ሰልፍ የያዙት ሰዎች አላጉረመረሙም። እንዲያውም አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ሁለተኛው የከብት በር ተዘግቶ ካገኘነው ካለፍን በኋላ መልሰን እንድንዘጋው ጨመረበት። ያን ከረጢት መኪናው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ከስልኬ ካርታ ይልቅ እሱን አምነዋለሁ።

እዚህ ላይ ነው ባልንጀራዬና ጋሼ መከራከር የጀመሩት፤ ክርክሩም ለዓመታት አልቆመም። ባልንጀራዬ ሒሳብ አዋቂ ነው። ቬጋስ ካለው የጅምላ መደብር ብንገዛ ውሃውም ሥጋውም በብዙ ይረክስ ነበር፤ ቶኖፓ ላይ ነዳጅ ብቻ ሞልተን እንለፍ ባይ ነው። ጋሼ በበኩላቸው፣ «ይቺ ሴትዮ ከረጢት ላይ ካርታ የሳለችልህ በነፃ ነው። ሱቁ ሲዘጋ ማን ይስልልሃል?» አሉት። እኔ በጋሼ ወገን ነኝ። ከቶኖፓ በስተ ምሥራቅና በስተ ሰሜን ያለው አገር ሰው ሊገባበት የሚችለው ቶኖፓ ስላለች ነው። እሷ ብትዘጋ ተራራው እዚያው ይኖራል፤ እኛ ግን አንደርስበትም።

ከተማዋን የፈጠራት ሰው ጂም በትለር ይባላል። በግንቦት ወር 1900 ወደ ሌላ የማዕድን ቦታ ሲሄድ አህያው ሌሊት ጠፍታበት፣ ጠዋት ሲያገኛት ሊወረውርባት ያነሳው ድንጋይ ከብዶት ብር ሆኖ ተገኘ ተብሎ ይተረካል። አህያዋ እውነት ትሁን ተረት፣ ድንጋዩ እውነት ነበር። በትለር ለምርመራው የሚከፍለው አልነበረውምና ታስከር ኦዲ ለሚባል ወጣት ጠበቃ ድርሻ ሰጥቶ አስመረመረው፤ ኦዲ በኋላ የኔቫዳ ገዥና የአሜሪካ ሴናተር ለመሆን በቃ። እኔን የገረመኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ሰው እየጎረፈ ሲመጣ በትለር መሬቱን እየከፋፈለ አከራየ፤ ኪራዩም በቃል ነበር። ቁፋሮው የአንተ፣ ከሚወጣው ይህን ያህሉ የእኔ፤ ተጨባብጦ መሄድ። ይህን ስሰማ አገሬ ላይ ሁለት ገበሬዎች በእኩል አራሽ የሚስማሙበት አኳኋን ትዝ አለኝ።

ዛሬ የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ያሉበት ኮረብታ ሙዚየም ሆኗል። እየተራመዱ ነው የሚጎበኙት። በዋሻ ገብተህ ስትጨርስ ብረት አልጋ በመሰለ ወለል ላይ ትቆማለህ፤ ከእግርህ ሥር 150 ሜትር ገደማ የሚወርድ ክፍተት አለ። ብሩ በዓለቱ ውስጥ እንደ ግድግዳ ቆሞ ነበርና ያን ግድግዳ እየበሉት ወርደው ቦታውን ባዶ ትተውታል። የቀሩት የሁለቱ ጎን ዓለት እንዳይገናኝ የደገፉት ግንዶች ናቸው።

ጋሼ ከዚያ ብረት ላይ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሱም። አዶላ ላይ ያጠቡት የአሸዋ ወርቅ ነበር፤ በፀሐይ፣ በውሃ ዳር፣ ጎንበስ ብሎ። እንዲህ ያለውን ጥልቀት አያውቁትም። ግድግዳውን በጣታቸው ጠርገው አቧራውን አሳዩኝ። «ይሄን ነው የሳቡት» አሉ። እንዳሉትም ነው። የመጀመሪያዎቹ የአየር መሰርሰሪያዎች ያለ ውሃ ስለሚሠሩ የድንጋዩ ዱቄት ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀር ነበር፤ ሠራተኛው ራሱ መሣሪያውን «መበለት አድራጊ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አውጥቶለታል። ነርሷ እህታችን ጠጋ ብላ እጃቸውን በመሀረብ ጠረገችላቸው።

ከዚያ ወደ ድሮው መቃብር ወረድን። አገልግሎት የሰጠው ከ1901 እስከ 1911 ብቻ ነው፤ አጠገቡ የቀልደኛ አሻንጉሊት የሞላበት ሞቴል ስላለ ቱሪስቱ ለፎቶ ይጋፋበታል። መቃብሩን ግን ቀስ ብሎ ማንበብ ይገባል። በየካቲት 1911 በልሞንት በሚባለው የቶኖፓ ጉድጓድ ውስጥ እሳት ተነስቶ 17 ሰው በጭስ ሞተ። ቢል መርፊ የሚባል ወጣት የአሳንሰሩ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ወርዶ ሰዎች አወጣ፤ ሦስተኛውን ወርዶ አልተመለሰም። ጋሼ ጋቢያቸውን አስተካክለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እህታችን አማተበች። እኔ በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ይህ ነው፤ የሱቋ ሴት ጥያቄ፣ «መቼ ነው የምትመለሱት?» የሚለው፣ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ሰው ወደ ጉድጓድ የሚወርድበት ከተማ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ መቁጠር ልማዱ ነው።

ከተማዋ በልሞንት ግን ከቶኖፓ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ብር የተገኘባት በ1865 ነው፤ በ1876 የተሠራው የጡብ ፍርድ ቤት አሁንም አለ፣ ዙሪያው ግን ፍርስራሽ ነው። ከከተማዋ በላይ ባለው የጥድ ጫካ ዳር ድንኳን ተከልን። ባልንጀራዬ ሥጋ ጠበሰ፤ እህታችን ቡና ቆላች፤ ጋሼ እሳት አጠገብ ሆነው የሻኪሶን ዝናብ አወሩ። ስለ ሰማዩ ብዙ አልናገርም። እንደ ቬጋስ ባለ ብሩህ ከተማ ውስጥ ሌሊት ለሚሠራ ሰው ያን ያህል ኮከብ ማየት ምን እንደሚያደርገው የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጎማው የፈነዳው በማግስቱ ሞኒተር ሸለቆ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ጎን ጎኑን በስለታም ድንጋይ ተቀደደ፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ አይደፈንም፤ በክሪክ አንስተን ቀየርነው። አንድ ሰዓት ሳንነዳ ሌላው መተንፈስ ጀመረ። አሁን ትርፍ ጎማ የለም። ሜዳው ላይ ከአንድ የከብት መንጋ በስተቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ባልንጀራዬ በሆዱ ተኝቶ ጎማውን እያዞረ በጣቱ ዳሰሰና አገኘው፤ ምስማር ነው። በፒንሳ ሲነቅለው ነፋሱ እየፏጨ ወጣ። መድፈኛውን ላስቲክ ሙጫ አስነክሮ በመውጊያው ገፋ አድርጎ ከተተው፣ ትርፉን በምላጭ ቆረጠው፤ እኔ ከባትሪው ጋር የሚያያዘውን መንፊያ ይዤ ነፋሁ። ጋሼ ምስማሩን ከመሬት አነሱት። ዘንጉ ክብ አልነበረም፤ አራት ማዕዘን ነው፣ ዝጎ ጠቁሯል።

በዚያ ጎማ ወደ ሰሜን መቀጠል አልፈለግንምና ቀስ እያልን ወደ ቶኖፓ ተመለስን። እሑድ ከሰዓት ነበር። ጎማ ቤቱ ዝግ ነው፤ በሩ ላይ ግን ስልክ ቁጥር ተጽፏል። ደወልን። ሰውዬው ከቤቱ መጣ፤ ስድሳውን ያለፈ፣ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ የተሰነጣጠቀ። ሥራውን ለማየት ደስ ይል ነበር። ጎማውን ከቸርኬው አላቀቀ፣ ገንዳ ውስጥ ነከረ፣ አረፋ የሚወጣበትን ፈለገ። መርካቶም ቢሆን ጎሚስታ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኛ ሜዳ ላይ የደፈንነውን ከውስጥ በኩል ፍቆ እንደገና ለጠፈበት፤ ለተቀደደው ምትክ ያገለገለ ጎማ አወጣልን።

ጋሼ ምስማሩን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡት። ወደ ብርሃን አነሳውና፣ «ከበልሞንት ነው የመጣችሁት» አለ። ቀጥሎ ከመደርደሪያው የቡና ቆርቆሮ አወረደ። እስከ አፉ ምስማር ነው። ክቡን፣ አራት ማዕዘኑን፣ የፈረስ ጫማውን፣ የሐዲዱን። ሁሉንም ከጎማ የነቀላቸው ናቸው። የወደቀ ከተማ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስማሩ ግን መሬት ውስጥ ተቀምጦ መኪና ይጠብቃል አለን። አራት ማዕዘን ከሆነ የድሮ ነው፤ ክብ ከሆነ ኋላ የመጣ። ጋሼ ቆርቆሮውን ተቀብለው አንድ በአንድ ያዩ ጀመር።

ሁለቱ ሰዎች የተግባቡት ያኔ ነው። ጎሚስታው በወጣትነቱ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከከተማው በስተ ሰሜን በተከፈተው የሞሊብዴነም ማዕድን ላይ ሠርቶ ነበር። ማዕድኑ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሲዘጋ ብዙው ጓደኛው አገር ለቆ ሄደ፤ እሱ ግን ለማዕድን መኪና ጎማ መቀየር ተምሮ ስለነበር ቀረ። ጋሼ እንግሊዝኛቸው ብዙ አይደለም። ወርቅ እንዴት እንደሚታጠብ በእጃቸው እያዞሩ አሳዩት፤ እሱም መሰርሰሪያ እንዴት እንደሚያዝ በትከሻው አሳያቸው። እኔ ላስተረጉም ብጀምር ሁለቱም አልሰሙኝም። ሲጨርስ የእሑድ ነው ብሎ ምንም አልጨመረብንም። ባልንጀራዬ ጉርሻ ሊሰጠው ቢል በእጁ መለሰው፤ «ስትመለሱ ጎማ ከእኔ ግዙ» አለው።

ነርሷ እህታችን ከዚያ ጉዞ ያነሳችው ጉዳይ ግን ጎማ አልነበረም። ያን ምሽት ምግብ ቤት ተቀምጠን አስተናጋጇን፣ «እዚህ ሆስፒታል የት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። የለም። የከተማው ሆስፒታል በ2015 ተዘግቷል፤ ከዚያ ወዲህ ቅርብ የሚባለው ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የባሰበት ሰው በሄሊኮፕተር ይወሰዳል፤ ደመና ሲሆን ሄሊኮፕተሩም አይነሳም። እህታችን ሹካዋን አስቀመጠች። የጋሼን የደም ግፊት መድኃኒት በቦርሳዋ የያዘችው እሷ ነች። «ስለዚህ ሰው ሁሉ እዚህ የሚመጣው ልቡ ጤነኛ ነው ብሎ ተማምኖ ነው?» አለች። ለኛ ቶኖፓ የስንቅ ቦታ ናት፤ እዚያ ለሚኖረው ግን ቤቱ ናት፤ የምታምጥ እናት ያን ሁሉ መንገድ በሌሊት መሄድ አለባት። ከዚያ ወዲህ እህታችን የምትይዘው የመድኃኒት ሣጥን ከድንኳኑ ይበልጣል። የደም ማቆሚያ፣ መጠገኛ እንጨት፣ የሚረጭ የአስም መድኃኒት፣ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ።

ሣጥኑም አልቦዘነም። በሌላ ጊዜ በ6 ቁጥር መንገድ፣ የጨረቃ ጉድጓድ የሚባለውን የእሳተ ገሞራ አፍ ለማየት ስንሄድ ዋርም ስፕሪንግስ ላይ ቆምን። ስሙ ከተማ ይመስላል እንጂ የተዘጋ ቡና ቤትና በቦይ የሚፈስ ፍል ውሃ ነው፤ በጠዋት ብርድ እንፋሎቱ ከመንገዱ ማዶ ይታያል። ቦዩ ዳር አንድ ሞተር ብስክሌተኛ ተቀምጧል። ነዳጅ ጨርሶ ሞተሩን እየገፋ ሲመጣ ወድቆ ክንዱን ተገሽልጧል። እህታችን ቁስሉን አጥባ አሰረችለት፤ ባልንጀራዬ ከጀሪካኑ ቀዳለት። ያ ነዳጅ ከቶኖፓ የተቀዳ ነው፤ ጨርቁም ውሃውም ከዚያው። ሰውዬው ገንዘብ ሲያወጣ ጋሼ እጁን ይዘው፣ ወደ ኪሱ መልሰው ከተቱለት።

ባለፈው ጥቅምት ስንሄድ ቶኖፓ ውስጥ መኝታ ክፍል አጣን። ሚዝፓ ሙሉ፣ ሞቴሎቹ ሙሉ። ማደያው ላይ የቆሙት የመሰርሰሪያ መኪናዎች ናቸው። ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ሲልቨር ፒክ ላይ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሊቲየም ይመረታል፤ ጨዋማውን ውሃ ከመሬት ስበው ገንዳ ላይ በፀሐይ ያደርቁታል። አሁን የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ፈላጊው ስለበዛ በየሸለቆው አዲስ ፍለጋ አለ። ቶኖፓ ለኛ ለመንገደኞች የስንቅ ቦታ እንደሆነች ሁሉ ለአዲሶቹ ማዕድን ፈላጊዎችም የስንቅ ቦታ ሆናለች። ምግብ ቤት ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ ወጣት መሰርሰሪያ ላይ እንደሚሠራ፣ ውሉ ለጥቂት ወር እንደሆነ ነገረን። ጋሼ የጠየቁት ስለ ሊቲየሙ አልነበረም፤ «ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ስንት ሜትር ላይ ነው?» አሉት። ወጣቱ ጥልቀቱን ነገራቸው። «ከብቶቹስ የሚጠጡት ከዚያው ነው?» አሉ። እሱን አያውቅም። ከተማዋ በብር ተነሳች፣ ብሩ ሲያልቅ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ኃይል ማሠልጠኛ መጣላት፣ እሱ ሲሄድ ሞሊብዴነሙ፤ እያንዳንዱ ሲመጣ ክፍል ይሞላል፣ ሲሄድ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። እኔ ለቶኖፓ የምመኝላት ክፍሉ ሲሞላ የሚገኘው ገንዘብ ሐኪም እንዲያመጣላት ነው።

ከከተማው ውጭ ድንኳን ተክለን አደርን። በማግስቱ ሱቁ ስንሄድ በረዶ አልቋል፤ ሠራተኞቹ ገዝተውታል፤ አዲስ የሚገባው ሐሙስ ነው። ሴትዮዋ አወቀችን፤ ስለ ጋሼ ጤና ጠየቀች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ለራሷ ያስቀመጠችውን አንድ ከረጢት አመጣች። ቬጋስ ላይ እንግዛ ሲል የኖረው ባልንጀራዬ ከረጢቱን ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነ። ተመልሶ ገባና የሱቁን ስልክ ቁጥር መዘገበ፤ ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት ደውሎ ውሃውንም፣ በረዶውንም፣ ሥጋውንም አስቀድሞ ሊያዝ ነው።